ትንሿ ባይኖኩላርና አንገት የሚከረክረው ገመድ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ትንንሽ ባይኖኩላሮች ማንገቻ። አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ፣ ሌሎቹም ጠያቂዎች ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ጥያቄ፣ ከደባርቅ

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። አምና አንድ እንግዳ ወደ አገሩ ሲመለስ 8 በ25 የሆነች (8 እጥፍ አቅርባ የምታሳይ፣ የፊት መስታወቷ 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው) ትንሽ ባይኖኩላር ሰጥቶኝ ሄደ። መስታወቷ በጣም ጥሩ ነው፣ ጨነቅ የሚባለው ቦታ ላይ ቆሜ ገደሉ ማዶ ያለውን ዋልያ ወንዱን ከሴቷ እለይባታለሁ። ችግሬ ገመዷ ነው። አብሯት የመጣው እንደ ጫማ ክር የቀጠነ ናይለን ነው። ጠዋት ከሳንቃ በር ተነስተን ግጭ እስክንደርስ አንገቴ ላይ ቀይ መስመር ያወጣል፣ ከማተቤ ጋርም ይጠላለፋል። ስለዚህ አወጣሁትና ከአንድ ስብሰባ ያገኘሁትን የባጅ ማንጠልጠያ አሰርኩባት። እሱ ሰፋ ስለሚል ተመቸኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ጎንበስ ስል ማንጠልጠያው ከኋላዬ ተፈታና ድንጋይ ላይ ወደቀች። አልተሰበረችም። ምን ዓይነት ማንገቻ ልግዛ? ወፍራም ስፖንጅ ያለው ይሻላል የሚሉኝ አሉ። እንዴት እንደሚታሰርም ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ

ወንድሜ፣ እንኳን ገደል አልገባች! ስለ ማንገቻው ከማውራቴ በፊት ግን ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርግልኝ። ራቅ ያለ ቀጥ ያለ ነገር ፈልግ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ይሆናል። ጥርት አድርገህ እየው። ከዚያ ባይኖኩላሯን ከዓይንህ ቀስ እያልክ አንድ 15 ሳንቲሜትር ያህል አርቃት፣ ዓይንህን ከጣሪያው ላይ ሳትነቅል። ጠርዙ በግራውም በቀኙም መስታወት እኩል ከፍታ ላይ ከታየህ ደህና ናት። በአንዱ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ከታየህ ውስጧ ያሉት ፕሪዝሞች (ምስሉን የሚያቃኑት መስታወቶች) ተናግተዋል ማለት ነው። እንዲህ ሆና ብትጠቀምባት ሁለቱን ምስል አንድ ለማድረግ ዓይንህ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውልና ማታ ራስህን ያምሃል። ያ ደግሞ ቤት ውስጥ በመፍቻ የሚስተካከል አይደለም፣ የመነጽርና የካሜራ ጠጋኝ ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ባጁ ማንጠልጠያ። የተፈታው ተበላሽቶ አይደለም። ብዙዎቹ የባጅ ማንጠልጠያዎች ከአንገት በስተኋላ ትንሽ የፕላስቲክ ማያያዣ አላቸው፣ እሷም ጠንከር ብሎ የሚጎትታት ነገር ሲመጣ እንድትላቀቅ ተብላ ነው የተሠራችው። ሠራተኛው በር ላይ ወይም ማሽን ላይ ቢያዝ አንገቱን እንዳያንቀው። ለመታወቂያ ካርድ ግሩም ነው። ገደል አፋፍ ላይ ለሚሠራ ሰው ባይኖኩላር ግን በፍጹም አይሆንም። ሌላም ጉዳት አለው። ጫፉ ላይ ያለው የብረት መቆለፊያ በየእርምጃው እየተወዛወዘ መስታወቷን ይነካታል፣ ውሎ አድሮ ይጭራታል። አንድ ነገር ግን በትክክል አሳይቶሃል፣ የጨርቁ ስፋት ለአንገትህ ተስማምቶታል።

እንደ አንተዋ ያሉ ትንንሽ ባይኖኩላሮች አብዛኞቹ ከ250 እስከ 400 ግራም ነው የሚመዝኑት። ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ይበልጣቸዋል። አንገትህን የጎዳው ክብደቷ አይደለም፣ ያ ሁሉ ክብደት በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ማረፉ ነው። 3 ሚሊሜትር በሆነ ገመድ ላይ የተንጠለጠለውን ዕቃ 15 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጨርቅ ብታንጠለጥለው ቆዳህ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ የማይሻክር የናይለን ወይም የፖሊስተር ጨርቅ ይበቃሃል። ስትገዛ ጠርዙን በጣትህ አትሞክረው፣ ጣት ደንዳና ነው። አንገትህ ላይ አድርገህ ግራ ቀኝ ጎተት ጎተት አድርገው። አንገትህን ከከረከረህ ተወው።

ወፍራሙን ስፖንጅ ለማን እንደተሠራ ልንገርህ። 8 በ42 የሆኑት ትልልቆቹ ከ650 እስከ 800 ግራም ይሆናሉ፣ ለእነሱ ያስፈልጋል። ለትንሿ ግን ማንገቻው ከራሷ ይገዝፍና ኪስህ አልገባ ትላለች፣ ትንሽ የተባለችው ደግሞ ኪስ እንድትገባ ነው። እኔ ይህን በገንዘቤ ነው የተማርኩት። አንድ ሱቅ ገብቼ ያማረ ሰፊ ማንገቻ ገዛሁ፣ ሻጩ ለሁሉም ይሆናል አለኝ፣ ቤት ስደርስ የማንገቻው ጫፍ 10 ሚሊሜትር፣ የባይኖኩላሬ ገመድ ማስገቢያ ጆሮ ግን 5 ሚሊሜትር። ጨርቁን አጥፌ፣ ጠምዝዤ፣ በጉጠት ስቤ ሞከርኩ። አልገባም። ሱቁም አልመልስም አለኝ።

ስለዚህ ከምንም በፊት ጆሮዋን ለካ። ጆሮ የምልህ ከዓይን ማያው በታች ግራና ቀኝ ያሉትን ገመድ ማስገቢያዎች ነው። ሁለት ነገር እይ፤ ርዝመቱን፣ ማለትም ምን ያህል ስፋት ያለው ጨርቅ እንደሚያስገባ፣ እና ክፍተቱን፣ ማለትም ምን ያህል ውፍረት እንደሚያሳልፍ። ማስመሪያ ይዘህ ለካና ወረቀት ላይ ጻፍ። ሱቅ ስትሄድ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ባይኖኩላሯንም ይዘህ ሂድ።

ጆሮዋ ቀጭን ክር ብቻ የሚያስገባ ከሆነ (የአብዛኞቹ ትንንሾች እንዲያ ነው) ሰፊውን ማንገቻ በቀጥታ አታስገባውም፣ በመሐል የክር ቀለበት ትሠራለህ። 2 ሚሊሜትር የሆነ ጠንካራ የተጎነጎነ ናይለን ክር ፈልግ፣ ለእያንዳንዱ ጆሮ 20 ሳንቲሜትር ቁረጥ። ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ይዘህ አንድ ላይ ቋጥራቸው፣ በላዩ ላይ ድገመው፣ አጥብቀህ ሳበው። ከቋጠሮው 1 ሳንቲሜትር ያህል ትርፍ ተውና ጫፎቹን በላይተር ነካ አድርጋቸው፣ ቀልጠው እንደ ማሽላ ፍሬ ድብልብል ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ በቋጠሮው ሾልከው አይወጡም። የቀለጠውን ናይለን በጣትህ እንዳትነካው፣ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው። እሳቱንም ባይኖኩላሯ አጠገብ አታድርገው፣ መጀመሪያ ክሩን ለብቻው ጨርስ። ጫፉ ሳይቀልጥ ነድዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ሌላ ፈልግ።

አሁን ቋጠሮ የሌለበትን ጎን በጆሮዋ ውስጥ አሳልፍ። አልገባ ካለህ እናትህ ስፌት ከሰፉ ወስፌያቸውን ለምናቸው፣ ክሩን ቀስ ብለህ ግፋበት፣ የወስፌው ጫፍ ግን ሁልጊዜ ከመስታወቱ በተቃራኒ ይሁን። ወይም ቀጭን የልብስ ስፌት ክር አጥፈህ አስቀድመህ አሳልፍና እሱ ይጎትትልህ። ክሩ ሲወጣ ቋጠሮ ያለበትን ጎን በራሱ እጥፍ ውስጥ አስገብተህ ሳበው። ጆሮዋን አንቆ ይይዛል። በቀረው ቀለበት ውስጥ የፈለግከውን ስፋት ያለው ማንገቻ ታሳልፋለህ። በብረት የቁልፍ ቀለበት ግን እንዳትተካው፣ ብረቱ የፕላስቲኩን ጆሮ እየበላ ይሄዳል፣ ባይኖኩላሯ ስትታጠፍም መስታወቱ ላይ ይወድቃል።

ማንገቻውን ማሰር እንደ ተማሪ ቦርሳ ማሳጠሪያ ነው፣ ብዙ ሰው ግን የመጨረሻዋን እርምጃ ይዘላታል። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው፣ እንዳልተጠማዘዘ እይ። ጫፉን ከዘለበቱ አውጣ። ጨርቁ ላይ ትንሿ የላስቲክ ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ካለች መጀመሪያ በእሷ ውስጥ አሳልፈው፣ ከውጭ ወደ ውስጥ በክሩ ቀለበት አዙረው፣ መልሰህ በትንሿ ቀለበት አውጣው። ቀጥሎ ዘለበቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ላላ አድርገህ ጉብ አድርገው። ጫፉን ከጉብታው ሥር በአንደኛው ክፍተት አውጥተህ፣ በመሐለኛው ዘንግ ላይ አዙረህ፣ በሁለተኛው ክፍተት ወደ ታች መልሰው። አሁን ሳበው። ጫፉ ከውስጥ በኩል ተደብቆ ከቀረ በትክክል አስረሃል። ከዘለበቱ የሚተርፈው ከ5 ሳንቲሜትር አይነስ። ሰው የሚዘለው ወደ ታች መመለሱን ነው። በአንዱ ክፍተት ብቻ ያለፈ ጨርቅ የሚይዝ ይመስላል እንጂ እየሸሸ እየሸሸ አንድ ቀን ያመልጣል። ስትጨርስ አልጋ ላይ ቁምና ባይኖኩላሯን ይዘህ ማንገቻውን አሥር ጊዜ ያህል ጠንከር አድርገህ ጎትት። የሚፈታ ከሆነ ፍራሽ ላይ ይፈታ።

ርዝመቱስ? አንገትህ ላይ ካንጠለጠልካት ከጉሮሮህ ጉድጓድ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብላ ደረትህ ላይ ትረፍ፣ ባርኔጣህን ሳታወልቅም በራስህ ላይ ማለፍ ትችል። ሆድህ ላይ ከደረሰች ረዝማለች፣ ቁልቁለት ላይ እንደ ደወል እየተወዛወዘች ድንጋይ ትመታለች። ላንተ ሥራ ግን እኔ የምመርጥልህ አንገት ላይ አይደለም። ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ጎን በሰያፍ ታነግታት፣ ብብትህ ሥር ትቀመጥ። ጎንበስ ስትል ወደ ፊት አትንጠለጠልም፣ ጨርቁ በሸሚዝ ላይ እንጂ በቆዳህ ላይ አይውልም፣ ከማተብህም ጋር አይገናኝም። ለዚህ ማንገቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ120 እስከ 140 ሳንቲሜትር ሊሆን ይገባል፣ እንደ ቁመናህ። ሲባጎ ወስደህ በሰያፍ አንግተህ ብትለካው ይበልጥ ትክክል ነው። ጠዋት ብርዱ ላይ ጋቢ የምትለብስ ከሆነ ማንገቻው ከጋቢው በታች ይሁን። በላይ ሲሆን ጋቢው በተንሸራተተ ቁጥር አብሮት ይሄዳል፣ ጭላዳዎቹ እስኪያልፉ ስታስተካክል ትቆያለህ።

ይህን ለማሠራት ውድ ዕቃ አያስፈልግህም። ደባርቅ ወይም ጎንደር ቦርሳ የሚጠግን ሰው ጋ ሂድ። የቦርሳ ማንገቻ ጨርቅ በሜትር ይቆርጥልሃል፣ ዘለበቱን ይሰፋልሃል። ስፌቱን በአራት ማዕዘን ዙሮ መሐሉን በመስቀለኛ እንዲሰፋው ንገረው፣ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ይተረተራል።

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

የ7 ዓመት ልጄ ወፍ ማየት ወዷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሀንትሊ ሜዶውስ ፓርክ ወስጄው የእንጨት መንገዱ ላይ ሆነን ሳቢሳዎቹን እናያለን። ቀላል ባይኖኩላር ገዛሁለት፣ ገመዱ ግን እስከ ጉልበቱ ይደርሳል። አንገቱን እንዳያንቀው ፈራሁ። ላውጣለት ወይስ ልቁረጠው?

መልስ

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ለደባርቁ ወንድማችን አይሆንም ያልኩት ተላቃቂ ማያያዣ ለልጅሽ የግድ ነው። ሕፃን አጥር ላይ ይንጠለጠላል፣ ቅርንጫፍ ውስጥ ይገባል። ባይኖኩላሩ ቢወድቅ ሌላ ይገዛል። ስለዚህ ከአንገት በስተኋላ የሚላቀቅ ማያያዣ ያለው ማንገቻ ፈልጊ፣ የባጅ ማንጠልጠያም ይሆናል። ስትገዢው በእጅሽ ጎትተሽ በቀላሉ የሚላቀቅ መሆኑን አረጋግጪ፣ አንዳንዱ ማያያዣውን ለጌጥ ብቻ ነው የያዘው። ጫፉ ላይ ያለውን የብረት መቆለፊያ አውጪውና ከላይ በጻፍኩት የክር ቀለበት እሰሪው። የዋናውን ገመድ ርዝመት በቋጠሮ ለማሳጠር አትሞክሪ፣ ቋጠሮው አንገቱን ይቆረቁረዋል፣ ቅርንጫፍም ይይዛል። የልጅ ባይኖኩላር ደረቱ መሐል ላይ ይረፍ፣ ከዚያ አይውረድ። ዥዋዥዌና መንሸራተቻ ላይ ግን ምንም ዓይነት ማንገቻ ይሁን አንገቱ ላይ አይኑር። አንቺው ያዢለት።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ እወጣለሁ። 10 በ25 የሆነች ባይኖኩላር አለችኝ። ጫማ ሰፊ የቡና ዓይነት ቀለም ያለው የቆዳ ማንገቻ ሠራልኝ፣ ያማረ ነው፣ ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነጠላዬን አበላሸብኝ። ሐኪሜ ደግሞ አንገትህ ላይ ምንም እንዳታንጠለጥል ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ

አባባ፣ የሐኪምዎ ቃል ይቅደም፣ ባይኖኩላሯ ቀላል ናት ብለው አይጣሱት። ሁለት መንገድ አለዎት። አንዱ ከላይ እንደጻፍኩት በሰያፍ ማንገት ነው፣ ያን ጊዜ ክብደቱ በትከሻ ላይ ይሆናል። ሁለተኛውና እኔ ለእርስዎ የምመርጠው የእጅ ማንጠልጠያ ነው። የድሮ ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ይዘዋት የሚመጡት፣ ጫፏ ላይ ቀጭን የክር ቀለበት ያላት። ልጆችዎ ቤት መሳቢያ ውስጥ አንዷ አትጠፋም። ክሯ በጣም ቀጭን ስለሆነች ለጠባብ ጆሮም ትገባለች። በቀኙ ጆሮ ብቻ ያስሯት፣ እጅዎን በሰፊው ቀለበት ያስገቡና ማጥበቂያዋን ወደ አንጓዎ ሳብ ያድርጓት። ሲራመዱ ባይኖኩላሯ ኮት ኪስዎ ውስጥ ትሁን፣ ሲያዩባት ብቻ ያውጧት። ቢያመልጥዎም ከአንጓዎ አትርቅም።

ቆዳውን አይጣሉት። የቆዳ ማንገቻ ደረቅ ሲሆን እንደሱ የሚመች የለም። ላብ ወይም ዝናብ ሲነካው ግን ቀለሙን ይለቃል፣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ነጭ ጨርቅ ትንሽ አርጥበው ውስጠኛውን ጎን ይሹት። ጨርቁ ከቀላ ነጠላም ይቀላል። ጫማ ሰፊው ከውስጥ በኩል፣ ልብስ በሚነካው ጎን፣ ያልቀለመ ቆዳ ወይም ጥቁር የሸራ ጨርቅ ቢለብጥልዎ በሰያፍ ለማንገት ይሆንዎታል። በነጠላ ላይ ግን፣ ከልቤ ነው የምለው፣ የቆዳ ማንገቻ ባያደርጉ ይሻላል።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ

አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አባ ኮዳ የሚባሉትን ወፎች ፎቶ ለማንሳትና በባይኖኩላር ለማየት እሄዳለሁ። ማንገቻዬ በላብና በዓሣ ሽታ ተበላሽቷል። ማጠብ ይቻላል?

መልስ

ይቻላል፣ ግን ከባይኖኩላሯ ፍታው። አብሮ የሚያጥብ ሰው አለ፣ ሳሙናው ጆሮዋ ውስጥ ይደርቃል። ለብ ባለ ውሃና በተራ ሳሙና እሸው፣ በረኪና አታስገባበት፣ ናይለኑን ያደክመዋል። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ አስጣው። መልሰህ ከማሰርህ በፊት በጆሮዋ ውስጥ የሚያልፈውን ክፍል ጣትህን አስኪድበት። ጨርቁ ወይም ክሩ የሚበላው ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው፣ ሌላው ገና አዲስ ሆኖ ሳለ። ፀጉር ካወጣ ዛሬውኑ ቀይረው፣ የሁለቱንም ጎን።